ለብርድ ያልተገዛ ካፖርት

በደርግ ዘመን፣ ቆቦ ከተማ ውስጥ፣ ከንጹሕ ካሽሚር የተሠራ ካፖርት ገዝቻለሁ። ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ጉልበቴ ደክሟል፣ በብዙ ጉዳዮች ላይም የያዝኩትን አቋም ለውጫለሁ፤ በካፖርቱ ላይ ግን የክር ያህል እንኳ ፈቀቅ አላልኩም።

ቆቦን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ሳቁን ይጨርስ፤ እጠብቀዋለሁ። ለማያውቀው ግን ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። ቆቦ ሰው ካፖርት የሚገዛበት አገር አይደለም። ጠመኔ በአስተማሪው እጅ ላይ በላብ ሊጥ የሚሆንበት፣ ውሻ ከግድግዳው ጥላ ጋር አብሮ እየተንፏቀቀ የሚውልበት፣ ቀትር ላይ የመንገድ ሰላምታ በአገጭ ብቻ የሚፈጸምበት ቆላ ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ቆላ ምን እንደሆነ፣ ከፍታ ሲቀንስ ሙቀት እንደምን እንደሚጨምር በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔው ራሴ ነበርኩ ማለት ነው። ስለዚህ «ሳያውቅ ነው» የሚለው መከላከያ ለእኔ አይሠራም። ቢሠራም አልቀበለውም።

የነገሩ ሥር ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው። አዲስ አበባ በምማርበት ዘመን፣ በአንድ ብርዳማ ጠዋት፣ አንድ የውጭ አገር መምህራችን ካፖርቱን አውልቆ የሚሰቅልበት ቢያጣ፣ ከፊት ለተቀመጥኩት ለእኔ አቀበለኝ። ትምህርቱ እስኪያበቃ ድረስ ታቅፌው ተቀመጥኩ። የዚያን ዕለት ምን እንዳስተማረን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በኋላ ፈተና ላይ ሲመጣም አላወቅሁትም። የማስታውሰው ክብደቱን ነው። በእጅ ሲይዙት ነጠላ፣ ሲታቀፉት ቡልኮ ነበር። ከአንገቱ ሥር የተሰፋውን ጽሑፍ ሰርቄ አነበብኩ፤ ንጹሕ ካሽሚር ይላል። ያን ጊዜ በልቤ፣ አንድ ቀን የእኔ የሆነ እንዲህ ያለ ነገር ይኖረኛል አልኩ። የመንግሥት ምደባ ግን ልብ ያለውን አይጠይቅም፤ መርጦ መርጦ ቆቦ ጣለኝ።

ዓመታት አለፉ። መንግሥት ተለወጠ፣ ሁላችንም ካኪ ለበስን። ካኪውን የሚሰፋልን ይማም ነበር፤ ገበያው ዳር ጨርቅ እየሸጠ፣ በመኪናው ላይ አጎንብሶ ለሊቀመንበሩም ለዘበኛውም አንድ ዓይነት ሱሪ የሚያወጣ፣ አፉ የማያርፍ ወዳጄ። አንድ ቀን ወገቤን እየለካ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ወሬ ነገረኝ። ከአፋር በኩል ግመል እየነዳ ወደ ገበያችን የሚመላለሰው ሐመዱ፣ ከወደብ የወጣ አንድ ካፖርት እጁ ገብቷል።

«ምን ዓይነት ነው?» አልኩት።

«መምህር፣ ወላሂ ጨርቅ አይደለም፤ ጉንጭ ነው።»

ካሽሚር መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ልቤ ቢመታም አእምሮዬን አልጣልኩም፤ ወይም እንዳልጣልኩት እርግጠኛ ነበርኩ። ዘመኑ አንድ መምህር ከሌላው ሰው የተለየ ኮሌታ አወጣ ተብሎ ንዑስ ከበርቴ የሚባልበት ዘመን ነው። ስለዚህ ለሐመዱ እንዲህ ብለህ ላክበት አልኩት፦ ካፖርቱን በሚመጣው ገበያ ያምጣልኝ፤ ለማንም፣ በምንም ምክንያት፣ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ።

አሁን ወደኋላ ዞሬ ሳየው፣ በዚያ አገር የኖረ ሕፃን እንኳ የማይሠራውን ስሕተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቆም ብለው፣ ካስፈለገም ተቀምጠው፣ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ሳያስቀሩ ይነጋገራሉ፤ ዳጉ ይባላል። ዝናብ የት ጣለ፣ የማን ግመል ታመመች፣ የማን ልጅ አገባ፣ ሁሉም ይነገራል። ወሬ መደበቅ ውሃ ከመደበቅ አይለይም፤ ነውር ነው። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ «የሕዝቦች አኗኗር» በሚል ርእስ ሥር አስተምር ነበር። አስተምሬ ስጨርስ ምሥጢሬን በአፋር ላክሁ። ሐመዱም እንደ ደንቡ ላገኘው ሁሉ ያለውን ተናገረ፦ የቆቦው መምህር ካፖርት ይፈልጋል፤ መፈለጉም እንዳይታወቅበት ይፈልጋል። ዝም በል ባልለው ኖሮ ይህ ሁለተኛው ክፍል አይኖርም ነበር፤ መንገደኛውን ሁሉ የሳበው ደግሞ ሁለተኛው ነው።

በገበያው ቀን ሐመዱ ይማም ሱቅ ውስጥ ሰሌን ፈትቶ ካፖርቱን አወጣው። መልኩ የግመል ነው። እኔ ግን በመልክ የምሸነፍ ሰው አይደለሁም። ከውስጠኛው ስፌት ጫፍ አንዲት ክር መዝዤ በክብሪት አቃጠልኳት፤ እንደ ናይለን ሳትቀልጥ የተቃጠለ ጠጉር ሸተተች። ጨርቁን በአውራ ጣቴ አሸሁት፣ ወደ ፀሐይ አነሣሁት፣ እጅጌውን ገልብጬ መረመርኩት። ይማም፣ ሚስትዎን ሲያጩም እንዲህ መርምረው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ሐመዱ በብር አልሸጥም አለ። «ያቺን ግንባሯ ላይ ነጭ ያላትን ጊደር ስጠኝ። ከብዳለች አይደል?»

ጊደራችንን አይቷት አያውቅም። ነገር ግን ዳጉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ወንዝ አይደለም፤ የእኔ ካፖርት ወደ በረሃው ሲወርድ፣ የእኛ ጊደር ከነእርግዝናዋ አብራ ወርዳ ኖሯል። ችግሩ ጊደሯ የእኔ አለመሆኗ ነበር። የባለቤቴ የይመኙ ናት፤ አባቷ ከደጋው በጥጃነቷ ሰጥቷት፣ እሷም በገለባና በቁልምጫ ያሳደገቻት። ስለዚህ እስከሚመጣው ገበያ እንዳስብበት ካፖርቱን እኔ ዘንድ ተውልኝ አልኩት። ሐመዱም፣ ጊደሯ እስካለች ካፖርቱ የትም አይሄድም ብሎ ትቶልኝ ሄደ።

ይመኙ ካፖርቱን ተቀብላ ዳሰሰችው። ደረቱን፣ ጀርባውን፣ ኪሱን። ቸኩላ የምትፈርድ ሴት አይደለችም።

«የምን ጠጉር ነው?»

«የፍየል» አልኩ፤ ከብርዳማ ተራሮች ላይ ከሚገኙ ፍየሎች ሆድ ሥር በማበጠሪያ ተለቅሞ እንደሚሰበሰብ፣ ከአንዲት ፍየል የሚገኘውም ከጭብጥ እንደማይበልጥ በዝርዝር አስረዳኋት።

በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተች። የጎረቤታችን የእትዬ አሚናት ፍየል በኋላ እግሯ ቆማ አጥራችንን ትበላለች።

«ለፍየል ጊደር ይሰጣል?» አለችና ካፖርቱን አጣጥፋ አልጋው ላይ አኖረችው። እምቢ አላለችም። እሺም አላለችም። እኔን ያስቸገረኝ ይኸው ነበር፤ እምቢ ብትል ኖሮ የምከራከርበት ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር።

በማግስቱ እትዬ አሚናት በሳህን አጥሚት፣ በወረቀት የተጠቀለለ ፌጦ ይዘው ገቡ። «አብሽር መምህሬ፣ ወባ ስንቱን ነካክታ ለቃለች» አሉኝ። ወባ እንዳልያዘኝ ነገርኳቸው። ግንባሬን ዳሰሱና፣ ይኸ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው ክፉ ዓይነት ነው፣ ላይ ላዩን አይታወቅም አሉ። በዚህ ፀሐይ ካፖርት የሚያስመኝ ብርድ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ተከትለዋቸው ሌሎች መጡ። አጥሚቱ በዛ። ደህና ነኝ ባልኩ ቁጥር እርስ በርስ እየተያዩ አንገታቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ በወባ የተያዘ ሰው መቀባዠሩ የታወቀ ነው።

እነዚህስ ደጎች ነበሩ። የሚያስፈሩት ሁለተኛዎቹ ናቸው። አንድ የሒሳብ መምህር ባልደረባዬ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ክንዴን ያዘኝና፣ ስለ ምንም ነገር እንደማይጠይቀኝ፣ ነገር ግን ምናልባት አልጋዬ የሚተርፍ ከሆነ ከሌላ ሰው በፊት እሱን እንዳስበው ለመነኝ። ሌላው በጠረጴዛዬ ላይ ዓይኑን ጥሏል። ከጎብዬ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ፈጽሞ አይቻቸው የማላውቅ፣ በጨርቅ የታሰረ በርበሬ ሰጥተውኝ ውጭ አገር ላለው ልጃቸው እንዳደርስላቸው በእግዜር ስም አደራ አሉኝ። የትኛው አገር እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ብርዱ ካለበት» አሉኝ። አጎራባቾቹ ከተሞች፣ ዋጃም ሮቢትም፣ ወሬው ደርሶ ነበር። በቆላ ካፖርት የሚገዛ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ከአገር ሊኮበልል ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ መኮብለል በሽታ አይደለም፤ በአጥሚት አይታከምም። ሰው ለዚህ ተይዞ ተወስዶ ሳይመለስ የሚቀርበት ዘመን ነበር።

ስለዚህ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሞላ በሚመጣው ስብሰባ እንድገኝ ሲያስጠራኝ ምክንያቱን አልጠየቅሁም። ሞላ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ስለ አየር ጠባይ የሰጠሁትን ፈተና ወድቆ፣ ደግሞ ፈትኜው ደግሞ ወድቆ፣ በመጨረሻ አብዮቱ የገላገለው ልጅ ነበር። በዋዜማው ይማም መጥቶ፣ መምህር ይሄን ጉንጭ ለሐመዱ ይመልሱና ይረፉ አለኝ። ምክሩ ጥሩ ነበር። እንዲያውም የልቤን ለመናገር፣ እኔም ወደዚያው አዘንብዬ ነበር፤ የይመኙ ዝምታ አሸንፎኝ ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው ልብስ የሚመልሰው ልኩ ስላልሆነ ወይም ሚስቱ ስላልፈለገች ነው እንጂ ሊቀመንበር ስለፈራ አይደለም። በስብሰባው ቀን ካኪዬን ለበስኩ፤ በካኪው ላይ ካፖርቱን ደረብኩ፤ ቁልፎቹን እስከ አንገቴ ቆልፌ በቀትር ፀሐይ መንገዱን ይዤ ሄድኩ። ይመኙ ከኋላዬ መጣች።

አዳራሹ ጣራውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው። ሰው ሁሉ አገላብጦ አየኝ፤ እናቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። ሞላ ከፊት ቆሟል። ከሊቀመንበርነቱ በፊት ተማሪዬ ስለነበር «አንተ» ለማለት አንደበቱ እምቢ ይለዋል፤ «እርስዎ» ማለት ደግሞ ለአብዮቱ አይመቸውም። ስለዚህ ፊት ለፊቱ ቆሜ ሳለሁ ስለ ሩቅ ሰው እንደሚናገር ይናገር ነበር።

ጓድ መምህሩ በቆላ ይኖራሉ አለ። ጓድ መምህሩ ራሳቸው እንዳስተማሩን፣ በቆላ ካፖርት አያስፈልግም። ጓድ መምህሩ ግን ካፖርት ይዘዋል። እንግዲያው ጓድ መምህሩ በቆላ የመኖር ሐሳብ የላቸውም።

በአስተማሪነቴ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ አመክንዮው እንደ ካሽሚሩ ንጹሕ ነበር። ይህን ማሰብ ይችል ኖሮ ያን ፈተና እንዴት ወደቀ ብዬ ተናደድኩ።

ከዚያ ሞላ ድምፁን አለዘበ። ሊያጠፋኝ እንዳልፈለገ ዛሬም አምናለሁ። «ጓድ መምህሩ ካፖርቱን ገና አልገዛሁትም፣ ለባለቤቱ እመልሳለሁ ይበሉ። ነገሩን እንዘጋዋለን።»

አልገዛሁትም ብል ውሸት አልነበረም። በጥብቅ ከተመዘነ፣ እውነቱ እሱው ነበር። አፌን ስከፍት ግን፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ፣ አጥሚት ያመጣው፣ አልጋዬን የተመኘው፣ በርበሬ የጫነኝ፣ ሁሉም እኔን ከእኔ በላይ እያወቀ ዓይኑን ተክሎብኛል። አንድ ሰው በገዛ አገሩ፣ በገዛ ቆላው፣ ከወጣትነቱ የተመኛትን አንዲት ነገር ያለ ምክንያት ሊወድ አይችልም?

«ገዝቼዋለሁ» አልኩ። «የገዛሁትም ለቆቦ ነው።»

«በምን ተገዛ?»

«በጊደር።»

«በማን ጊደር?»

ይህን ጥያቄ አላሰብኩትም ነበር። ጊደሯ የማን እንደሆነች ጎረቤቱ ሁሉ፣ እስከ በረሃው ድረስ፣ ያውቃል። ይመኙ አልሰጠሁም ብትል ሐሰተኛ ሆኜ እቀራለሁ፤ ሐሰተኛ ከሆንኩ ደግሞ ኮብላይ ነኝ። በሴቶቹ በኩል አግዳሚ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ይመኙ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

«የእኔ ናት» አለች። «ሰጥቼዋለሁ።»

ተመልሳ ተቀመጠች።

ሞላ፣ ለቆቦ የተገዛ ከሆነማ ጓድ መምህሩ ስብሰባው እስኪያበቃ አያወልቁትም ብሎ ሪፖርቱን ማንበብ ጀመረ። ያን የመሰለ ሪፖርት ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም። ስለ እህል አቅርቦት አነበበ፣ ስለ መሠረተ ትምህርት አነበበ፤ ሲጨርስ ካለፈው ስብሰባ ጋር ለማነጻጸር ያለፈውንም አነበበ። ላቤ ከአንገቴ ተነሥቶ ጫማዬ ውስጥ ይጠራቀም ጀመር። እኔ ግን እጆቼን ጉልበቴ ላይ አኑሬ፣ ሐሳቡ እንደማረከው ሰው አልፎ አልፎ ራሴን እየነቀነቅሁ ተቀመጥኩ። ከጎኔ የነበሩት ሰዎች ሙቀቱን ሸሽተው ፈቀቅ አሉ። ቆርቆሮው ይንጣጣል። ቀስ በቀስ የሕዝቡ ዓይን ከእኔ ላይ ተነሥቶ ወደ ሞላ ዞረ፤ በካኪ ያሉት ሁሉ እየቀለጡ ነበርና። በመጨረሻ የሞላ ድምፅ ደረቀ። ውሃ ጠየቀ፤ ውሃ አልነበረም። ስብሰባው ተዘጋ። እንደ ደንቡ የግራ እጃችንን ወደ ላይ ስናነሣ፣ በእጅጌዬ ውስጥ የተጠራቀመው ሁሉ ወደ ብብቴ ወረደ። ከአዳራሹ ስወጣ የቆቦ ቀትር ደጋ መሰለኝ።

መንገድ ላይ ይመኙን ላመሰግናት ጀመርኩ፤ አላስጨረሰችኝም። «ለአንተ ብዬ አይደለም» አለች። «ሞላ በእኔ ጊደር ምን አገባው ብዬ ነው።»

በገበያው ቀን ሐመዱ መጣ። ጊደሯን በገመድ ያሰረቻት ይመኙ ራሷ ናት። ግንባሯ ላይ ያለውን ነጩን አንዴ በመዳፏ አበሰችና ገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያ በኋላ በቤታችን ለሥራ የሚያስፈልጉ ቃላት ብቻ ይነገሩ ጀመር፤ «ጨው»፣ «በሩን»፣ «ቁልፉ»። ካፖርቱን ከአልጋው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቀልኩት። እሷ ወደዚያ ግድግዳ አትመለከትም ነበር።

ዝናቡ አልፎ ትንኙ ሲነሣ ወባ ያዘችኝ። እውነተኛዋ። ክኒኑን ዋጥኩ፤ ወባዋ ግን ለመልቀቅ አልቸኮለችም። በቆቦ ቀትር፣ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤ፣ አልጋው የቋንቋ መምህር የሆነ ይመስል እስኪያወራ ድረስ ተንቀጠቀጥኩ። ቤቱ በጎረቤት ተጨናነቀ። እትዬ አሚናት፣ እኔ መቼ አጣሁት ብለው አጥሚታቸውን አቀረቡ። ከዚያ ወደ ግድግዳው አዩ፤ ሁሉም አየ።

«ካፖርቱን አልብሱት እንጂ» አሉ።

«አይነካ» አልኩ፤ ጥርሶቼ እስኪፈቅዱልኝ ጠብቄ።

ያን ቀን ብለብሰው ኖሮ ነገሩ ሁሉ ያከትም ነበር። ቆቦ በሙሉ፣ ከጎብዬ እስከ ዋጃ፣ ከዚያም ወርዶ እስከ በረሃው፣ ለወባ ነበር የገዛው ይላል። ሲያስበው ልክ ነበር ይላል። ምክንያት ይሰጡኛል፤ እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ላብ ያፈሰስኩት ምክንያት ላለመቀበል ነበር። የበሽተኛ ካፖርት ከሚሆን እዚያው ሚስማሩ ላይ ብል ይብላው።

ሞላም ሊጠይቀኝ መጣ። ሰው ሲታመም ሊቀመንበርም ጎረቤት ነው። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከአልጋዬ ራስጌ ተቀምጦ፣ እግዜር ይማርዎ ለማለት አብዮቱ ስላልፈቀደለት በዓይኑ አለው። ጥቂት ቆይቶ ወደ ግድግዳው ዞረ። «መምህር» አለኝ፤ ጓድ የምትለዋ ጠፍታለች። «አሁንስ ቢለብሱት?»

«ለብርድ አልገዛሁትም።»

ይመኙ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ነበር። መጥታ ካፖርቱን ከሚስማሩ አወረደችው። ልትጥልብኝ ነው ብዬ ጋቢዬን በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ፤ በዚያ ንዳድ ውስጥም ቢሆን ለመታገል ተዘጋጀሁ። እሷ ግን ወደ እኔ አልመጣችም። እጆቿን በእጅጌዎቹ ውስጥ አሳለፈች። ቁልፎቹን ከታች ጀምራ፣ አንድም ሳታስቀር፣ እስከ አንገቷ ቆለፈች። ኮሌታውን አስተካከለች። ከዚያም ከአልጋዬ ጎን በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና እጆቿን ኪሶቹ ውስጥ ከተተች። ግንባሯ ላይ የመጀመሪያዋ የላብ ጠብታ ብቅ ስትል አየሁ፤ አልጠረገቻትም።

«ጓድ ሞላ» አለች፣ «የሞቀዎት ይመስላሉ። ውሃ ላምጣልዎ?»